ስምና መሬት፤ ከዘር ቆጣሪ እስከ ከርሰር

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል ያገራችን ገበሬ። እውነቱን ነው። በደብረ ወርቅም ሆነ በሞጣ፣ በቢቸናም ሆነ በደጋ ዳሞት፣ ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነበር። ባለጉዳዩ በእናቱም በአባቱም በኩል ትውልዱን እየቆጠረ፣ መሬቱን አስቀድሞ እስከ ያዘው ዋና አባት ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ ድርሻዬን ይላል። ነገሩ ሲመረመር ሁለት መዝገብ ማጣመር ነው፤ አንዱ የሰው፣ አንዱ የመሬት። መዝገቡ ግን የሽማግሌ አእምሮ እንጂ ወረቀት አልነበረም።

መንግሥት ይህን መዝገብ ወደ ወረቀት ሊገለብጥ ሲነሣ ጎጃምም ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ገበሬው ከብሩ ይልቅ የፈራው ገማቹን ነው፤ ግምት ልኬትን፣ ልኬትም መነቀልን ያመጣል ብሎ። አመፁ ተቀጣጠለ፤ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ዘመተበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ርስትን ራሱን ያስቀረው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በዚሁ ዘመን በካሊፎርኒያ ሌላ መዝገብ ይወለድ ነበር። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ በ1962 ዓ.ም. መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹም በጋራ ቁጥር ይጣመሩ አለ። እኛ ዘንድ አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ቻምበርሊንና ቦይስ የመጠየቂያውን ቋንቋ አወጡ። ችግሩ ምን ነበር? መልሱ በጅምላ ይመጣል፤ ፕሮግራም ግን አንድ ባንድ ነው የሚያነበው። ለዚህ ነው ከርሰር ያስፈለገው። ይከፈታል፣ አንድ ረድፍ ያነሣል፣ ወደ ቀጣዩ ይራመዳል፣ ሲያልቅ ይዘጋል።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ1990ዎቹ ነው። የአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጎዛምን ነበር። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጻፈ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ባልና ሚስት 4 ማሳ፣ በድምሩ 1.5 ሄክታር አላቸው እንበል። የሰውና የማሳ ሠንጠረዥ ሲጣመር 8 ረድፍ ይወጣል። ከርሰሩ በየረድፉ ስፋት እየደመረ ከሄደ 3 ሄክታር ያሸክማቸዋል! ግብርም በዚያው ልክ ቢመጣ ማን ይመልሳል? በሌላ በኩል ባለይዞታው ያልተመዘገበ ማሳ በጥብቅ ማጣመር ጊዜ ከመልሱ ይጠፋል፤ ስሟ ሳይጻፍ የቀረ መበለትም ከነማሳዋ ትጠፋለች።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ረድፎቹ በማሳ ቁጥር ይደርደሩ፤ ከርሰሩ ያለፈውን ቁጥር ያስታውስ፤ ስፋት የሚደምረው ቁጥሩ ሲለወጥ ብቻ ይሁን። ባለቤት ያልተገኘለት ማሳም በባዶ ስም ይውጣ፤ ባዶው ይታይና ይጠየቅ።

የጥንቱ ዘር ቆጣሪ ሲሳሳት ከጎኑ የተቀመጠው ጎረቤት «ኧረ ይኸ ተቆጥሯል!» ይለው ነበር። ማሽን ጎረቤት የለውም። ፕሮግራም ጸሐፊው ነው ጎረቤት መሆን ያለበት።