የይፋት ቆላ ተማሪና የነርስ ትምህርት ቤት

ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢዋ የይፋት ቆላ ተማሪ፣ ነርስ ለመሆን የት መማር እንደሚሻል መወሰን ባለፉት 75 ዓመታት መልኩን ደጋግሞ ቀይሯል። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ስለነበሩ መራጮቹ እነርሱ ነበሩ፤ ቀጥሎ መንግሥት መደበ፤ ከዚያ የቤተሰብ አቅም ድምፅ አገኘ፤ አሁን ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይወስናል።

በኢትዮጵያ መደበኛ የነርስ ትምህርት የተጀመረው በ1942 ዓ.ም. ገደማ፣ ቀይ መስቀል በአዲስ አበባ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል በከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና ነበር። ልዕልቲቱ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ካረፈች በኋላ በስሟ የተሠራው ሆስፒታል፣ የዛሬው ጦር ኃይሎች፣ እርሱም ነርሶችን ማሠልጠን ያዘ። የቀይ መስቀሉ ሥልጠና 3 ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ለመግባት ያኔ የሚጠየቀው 8ኛ ክፍል መጨረስ ነበር። ይህ ደረጃ ዛሬ ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ በገጠር 8ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ማግኘት ብርቅ በነበረበት ዘመን የቆላውን ተማሪ ከደጅ የሚያስቀር ነበር። በይፋትና ጥሙጋ አውራጃም እንደ ሌላው ገጠር ሁሉ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ በአጭር ሥልጠና የወጣው ድሬሰር ነበር።

ነርስነትን ከሆስፒታል ግቢ ወደ ገጠር ያወጣው ወባ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ደንቢያ የተነሣው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። ይህን ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የሕብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። ሦስቱም ሙያዎች በጤና ጣቢያ አንድ ቡድን ሆነው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር፦ መኮንኑ ሕመሙን ይመረምራል፣ ሳኒታሪያኑ ውኃውንና መጸዳጃውን ያያል፣ ነርሷ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የተከሰተው ሌላ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖረው የቀወት ወረዳ ገበሬ ወባ እንግዳ አልነበረም፤ ክረምቱ ወጥቶ አዝመራ ሲደርስ ጠብቆ የሚመጣ በሽታ ነው። የጎንደሩ ዓይነት ሥልጠናም እንዲህ ላለው አገር የተቀረጸ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ የነርስ ትምህርት ቤቶች መግቢያም ከ8ኛ ወደ 10ኛ፣ በኋላም ወደ 12ኛ ክፍል ከፍ አለ። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚቆርጠው የመልቀቂያው ፈተና፣ ተማሪው ማትሪክ የሚለው፣ ሆነ። በደርግ ዘመን ተማሪው ፎርም ሞልቶ ፍላጎቱን ቢያስታውቅም፣ የት እንደሚማርም ሆነ ተመርቆ የት እንደሚሠራ የሚወስነው ምደባ ነበር። ነርስ መሆን ማለት መንግሥት ወደላከበት መሄድ ማለት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንገዱን በ10ኛ ክፍል ላይ ለሁለት ከፈለው። በብሔራዊው ፈተና ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ሙያ ሥልጠና ይሄድ ነበር። የነርስ ዲፕሎማ በሁለተኛው መንገድ የሚገኝ ስለነበር፣ ለይፋት ልጆች ደብረ ብርሃንና ደሴ ያሉት የክልሉ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ቅርብ አማራጮች ሆኑ። ሸዋ ሮቢት በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ተማሪው ወደ ሁለቱም በአንድ መኪና ይደርሳል። ልዩነቱ በአየሩ ነው፦ ደብረ ብርሃን የደረሰው የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ስለሚገባ፣ ከቆላ ይዞት የመጣው ስስ ልብስ አያዋጣውም፤ ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ላጠናቀቁ ሴቶች ሌላ በር ከፈተ። አንድ ዓመት ሠልጥነው በመጡበት ቀበሌ የሚመደቡ በመሆናቸው፣ ልጃቸውን ሩቅ መላክ ለማይፈልጉ ወላጆች ይህ ከነርስነት ይልቅ የቀረበ ነበር። በእነዚያው ዓመታት የግል ኮሌጆች በረከቱ። ነጥብ ያልበቃውም ክፍያ ከቻለ መማር ቻለ፤ ወላጅም ሽንኩርትና ማሾ ሸጦ የሚያገኘውን ገንዘብ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ማመዛዘን ጀመረ። ከዋጋው እኩል ሁለት ነገሮች መጠየቅ ነበረባቸው፦ ኮሌጁ የእውቅና ፈቃድ አለው ወይ፣ ተማሪዎቹስ የተግባር ልምምድ የሚያደርጉት በየትኛው ሆስፒታል ነው? ልምምድ የጎደለው ተመራቂ በብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ በሚባለው፣ ይያዛልና።

የ10ኛ ክፍል ፈተና በ2011 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ሁሉም ነገር 12ኛ ክፍል ላይ ተከማችቷል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈው ተማሪም ቢሆን ነርሲንግን ወዲያው አይመርጥም። በመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፤ የይፋት ተማሪ በቅርበት የሚያገኛቸው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ትምህርቱ በአሥራት ወልደየስ ካምፓስ የሚሰጥበት፣ እና ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የፍሬሽማን ዓመቱን ሲጨርስ ደግሞ በውጤቱ ተወዳድሮ ትምህርት ክፍል ይደርሰዋል። ሕክምና ፈልጎ ነጥብ ያነሰው ነርሲንግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ነርሲንግን ከልጅነቱ የፈለገውም ሌላ ክፍል ሊደርሰው ይችላል።

ያላለፈው ደግሞ በጤና ኮሌጅ በኩል በደረጃ ሥልጠና ይገባል። የሁለቱ መንገዶች ርዝመትና የሚሰጡት ማዕረግ ቢለያይም ማብቂያቸው ፈተና ነው፦ የኮሌጁ ሠልጣኝ በብቃት ምዘና፣ የዲግሪው ተመራቂ በመውጫና በሙያ ፈቃድ ፈተና ይመዘናል። ስለዚህ ተማሪና ወላጅ ትምህርት ቤት ሲያወዳድሩ፣ ከርቀቱና ከክፍያው ጋር ተመራቂዎቹ በእነዚህ ፈተናዎች ምን ያህል እንደሚያልፉ ማጣራት የምርጫው ዋና አካል ሆኗል።