የመሰንቆ አሠራርና የድምፁ ጠባይ

ቆዳ በተለበጠበት ሣጥን ላይ ረዥም አንገት ተክሎ ዜማ ማሰማት የብዙ ሕዝብ ጥበብ ነው። በመካነ ኢየሱስ ከተማና በእስቴ ገጠር፣ እንደ ቀረው የጎንደር አገር ሁሉ፣ በሠርግና በጠጅ ቤት የሚሰማው የአዝማሪ መሰንቆ ከዚህ ወገን ይቈጠራል። በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካ የሄዱ አፍሪቃውያን ያስገኙት ባንጆም እንደዚሁ ነው። ሁለቱን ማስተያየት የመሰንቆን አሠራር ምክንያት ለመረዳት ይጠቅማል።

የመሰንቆ ሣጥን ከአራት ሰሌዳዎች የተጋጠመ ሲሆን በአንድ ማዕዘኑ ይቆማል። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ቆዳው እርጥብ ሳለ ይለበጥበታል፤ ሲደርቅም ይወጠራል። አንገቱ በላይኛው ማዕዘን ይገባል፤ በጫፉም መቃኛው ይሰካል። አውታሩ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአንድነት የተሰበሰበ የፈረስ ጭራ ነው። የደጋኑም ጭራ ከፈረስ የተገኘ ሆኖ፣ አውታሩን እንዲይዝ በዕጣን ወይም በዛፍ ሙጫ ይታሻል። አውታሩ ከአንገቱ ርቆ ስለ ተወጠረ፣ የግራ እጅ ጣቶች አውታሩን በጎኑ ይነኩታል እንጂ ከእንጨቱ ጋራ አያጣብቁትም።

ባንጆ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት በፋብሪካ መሠራት ከዠመረ በኋላ ብዙ ተለወጠ። ቆዳው በክብ እንጨት ላይ በብረት ቀለበትና በመንጠቆ ተወጠረ፤ አንገቱም ድምፅን በሚከፍሉ የብረት ዘንጎች ተለካ። ከዚህ ጊታር ባንጆ የተባለው ተገኘ፤ ይህም የባንጆ ሣጥን ከስድስት አውታር የጊታር አንገት ጋራ የተጋባበት ነው። የጊታር ተጫዋች አዲስ ቅኝት ሳይማር የባንጆን ድምፅ ስላገኘ ወደደው። ጆኒ ሴንት ሲር እ.ኤ.አ. ከ1925 ዠምሮ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋራ በሸክላ ያስቀረጸው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ ደግሞ በብዙ ባንጆዎች ላይ ፕላስቲክ የቆዳውን ስፍራ ወሰደ።

መሰንቆ ይህን መንገድ ያልተከተለው ከሥልጣኔ ስለ ዘገየ አይደለም። አዝማሪ የሚዘፍነውም የሚመታውም ራሱ ነው፤ ግጥሙን እዚያው ሲፈጥር ጣቱ ድምፁን ይከተላል። በትዝታም ሆነ በባቲ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ፣ ከአንዱም ወደ ሌላው ለማንሸራተት ነጻ ነው። የብረት ክፍል ቢገባበት ይህ ነጻነት ይቀራል። ሐሊም ኤል ደብሕ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ባቋቋመ ጊዜ፣ መሰንቆ ከክራር፣ ከበገናና ከዋሽንት ጋራ በአንድነት ተጫወተ። ከሌሎቹ ጋራ ለመስማማት የጣቱ ልምድ በቅቶታል።

ስለዚህ መሰንቆን ለማሻሻል የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው መለየት የሚገባቸው ነገር አለ። የክራር የአንጀት አውታር በናይሎን ሲተካ ክራርነቱ አልጠፋም፤ መሰንቆ ግን ድምፁን የሚያገኘው ጭራ በጭራ ላይ ሲሳብና ቆዳው ሲቀበለው ነው። በክረምት የላላውን ቆዳ በእሳት ዳር ማሞቅ ለአዝማሪው ድካም ነው፤ ለዚህ ድካም መፍትሔ መፈለግ ተገቢ ነው። ጣቱን የሚያስር አንገት መትከል ግን የዕቃውን መልክ አስቀርቶ ሥራውን መሻር ይሆናል።