የመምህሩ አቋቋም በታሪክ ዓይን

«አቋቋም» የሚለው ቃል በዕለት ንግግራችን የአንድን ሰው የአቆም ሁኔታ ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ ግን ራሱን የቻለ፣ ዓመታት የሚፈጅ የትምህርት ዘርፍ መጠሪያ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን ስለ አካል ቋንቋ የሚያስተምሩት ከሞላ ጎደል ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳ በመሆኑ፣ አገሪቱ በጉዳዩ ላይ የነበራት የራሷ ሥርዓት ብዙም አይወሳም። ይህ ጽሑፍ ያን ሥርዓት በአጭሩ ለመመልከት ይሞክራል። መነሻውም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሠልጣኞችን የማስተማር ልምምድ ስንከታተል የገጠመን ችግር ነው።

የአቋቋም ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ቁም የሚባለውን ዜማ ያለ ከበሮና ያለ ጽናጽል በድምፅ ብቻ ይማራል። ከዚያ በዝማሜ መቋሚያውን ከዜማው ጋር ማንቀሳቀስን፣ በመረግድ ከበሮና ጽናጽልን፣ በጽፋት ደግሞ ጭብጨባን ይለማመዳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ቃሉና ዜማው ሳይጠና አካል አይንቀሳቀስም፤ እንቅስቃሴውም ቃሉን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። የጎጃም ተማሪ አቋቋምን ፍለጋ ወደ ጎንደር ሲሻገር፣ የጎንደሩ ደግሞ ቅኔን ፍለጋ ወደ ጎጃም ይመጣ እንደነበር የታወቀ ነው። በቅኔ ቤትም ቢሆን ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ማቅረብና መታረም ግዴታው ነው። ስለሆነም በሰው ፊት ቆሞ መናገር ለዚህ አገር ባዕድ ነበር ማለት አይቻልም።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ዋናው የንግግር አደባባይ ችሎት ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ባለጉዳዩ በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛውና በሸንጎው ፊት ቆሞ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ወይም በማር እየተወራረደ ይከራከር ነበር። ሸማውን አደግድጎ፣ በትሩን ይዞ፣ ወደ ባላጋራው ሲዞር ድምፁንና እጁን ከፍ፣ ወደ ዳኛው ሲመለስ ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሰው በአንድ ክርክር ውስጥ ሁለት ዓይነት አካል ነበረው ብንል ማጋነን አይሆንም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔሩም በ1958 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ ችሎቱ በጽሑፍ ማመልከቻና በጠበቃ የሚመራ እየሆነ ሲሄድ፣ ይህ ጥበብ ቦታውን አጣ። ትምህርት ቤቱም አልተረከበውም።

ሸማን ስናነሣ፣ ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያውያን ሸማ ቃል አልባ ቋንቋ አንድ ጥናት ማሳተሙን መጥቀስ ይገባል። በበላይ ፊት ማደግደግ፣ በቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ማጣፋት፣ በክብር ተቀምጦ እስከ አፍንጫ መከናነብ፣ ሁሉም ያለ ቃል የሚነበቡ ናቸው። ሮማዊው የንግግር መምህር ኵንቲሊያን በመጀመሪያው ምእት ዓመት በጻፈው ሥራው 11ኛ መጽሐፍ ላይ ስለ ተናጋሪው እጅ፣ ዓይንና ስለ መጎናጸፊያው አያያዝ በሰፊው ማተቱን ስናይ ደግሞ፣ ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። (ሠልጣኞቻችን ከኵንቲሊያን ይልቅ የሰፈራቸውን የድሮ ተሟጋች ቢጠይቁ ይበልጥ የሚጠቀሙ ይመስለኛል።)

እንግዲህ ችግሩ ከየት መጣ? ለልጅ የሚሰጠው ሌላ ሥርዓት ነበር። የጨዋ ልጅ በታላላቆች ፊት እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን ሰብሮ ይቆማል። ይህ የአድማጭና የታዛዥ አቋቋም እንጂ የተናጋሪ አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጁን ለዓመታት በዚህ አቋቋም ካቆመው በኋላ፣ አንድ ቀን ጠመኔ አስጨብጦ «መምህር ነህ» ይለዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ገጽ አምጥቶት ነበር፤ ወጣት ዘማቾች አባትና እናት ሊሆኗቸው በሚችሉ ተማሪዎች ፊት መቆም ነበረባቸውና። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ መምህሩን ከሰሌዳው ወደ ጥግ ገፋው። አካሉ የሚናገረው በመስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ሆነ።

አሁን በልምምድ መከታተያ ቅጻችን ላይ «የዓይን ግንኙነት» የሚል አንድ ረድፍ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬ አካባቢ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ሠልጣኝ ሲያስተምር ተመለከትሁ። ትምህርቱን በሚገባ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም፤ እጁም እንደተጣመረ ቀረ። በረድፉ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። ኋላ ስጠይቀው፣ «የወላጅ ኮሚቴ አባቶች ከኋላ ተቀምጠው እያዩኝ እንዴት ዓይኔን ላፍጥጥ?» አለኝ። በማግሥቱ አባቶች በሌሉበት ሲያስተምር በመስኮት አየሁት፤ በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሰ፣ በእጁ እየቆጠረ፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ነበር።

ቅጹ የለካው ችሎታውን ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ ረድፉ ለሁለት እንዲከፈል፣ ማለትም ሠልጣኙ ለተማሪዎቹ ያለው አኳኋን ለብቻው፣ በክፍሉ ለሚገኙ ታላላቆች ያለው ደግሞ ለብቻው እንዲታይ፣ ከክትትሉ በፊትም ሠልጣኙ እንግዶቹን እጅ ነስቶ ለማስተማር ፈቃድ የሚጠይቅበት ጊዜ እንዲሰጠው ሐሳብ አቅርበናል። ተሟጋቹም ወደ ባላጋራው ከመዞሩ በፊት ለዳኛው እጅ ይነሣ ነበር። ለዚያ ሠልጣኝ የሰጠሁትን ነጥብ ግን ማረም አልተቻለም፤ ሐሳቡ ሲቀርብ ውጤቱ ተመዝግቦ አልፎ ነበር።