ለ“ባዶ ሜዳ ነበር” ባዮች፤ የአኮ ግቢ ታሪክ

ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጨቃጭቀን ነበር፡፡ ልጁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፡፡ ማኪያቶ እየጠጣን የሰፈር ወሬ ተነሳና፣ “የፒያሳና የአራት ኪሎ ልጅ ስለ ሰፈሩ ታሪክ ቢያወራ ያምርበታል፡፡ የእኛ ሰፈር ግን ምን ታሪክ አለው? ኮንዶሚኒየሙ እስኪመጣ ድረስ እኮ ባዶ ሜዳ ነበር!” አይለኝም? ማኪያቶው ትን አለኝ፡፡ እሱ ባዶ ሜዳ ከሚለው ቦታ አጠገብ፣ ላፍቶ ላይ፣ እኔ ጥርሴን ነቅያለሁ፡፡

የሱ ብቻ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን አስከፍዬ ይቅር እለው ነበር፡፡ ግን ብዙዎቻችን እንደሱ ነው የምናስበው፡፡ የደቡብ አዲስ አበባ ታሪክ ከግሬደርና ከሲሚንቶ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የነበረው “እርሻ” ይባልና በአንድ ቃል ይታለፋል፡፡ እርሻ ሲባል ደግሞ የሚታየን ወንድ፣ በሬና ሞፈር ነው፡፡ ግቢው የት ሄደ? በረቱ፣ ጓሮው፣ ማጀቱስ? ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፡፡

እስቲ ከስሙ እንነሳ፡፡ ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፡፡ መካኒሳ ደግሞ ብሳና፡፡ ነፋስ ስልክ ብቻ ነው ከዛፍ ያልመጣው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ሽቦ አልባው የራዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ሲተከል፣ መልእክቱ በነፋስ ይሄዳል ተብሎ የወጣ ስም ነው፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በአስር ክፍለ ከተሞች ስትከፈል ቴሌግራፉና ግራሩ ተጋቡና “ንፋስ ስልክ ላፍቶ” ሆኑ፡፡ እንግዲህ ዛፉ ስም የወጣለት፣ ስም የሚያወጣ ሰው ስለነበረ ነው፡፡ ባዶ ሜዳ ለራሱ ስም አያወጣም፡፡

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ፡፡ በ2013 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት ስመረቅ የቤተሰባችንን የመሬት ታሪክ ለመመረቂያ ሥራዬ አስቤ አያቴን አባባን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀዳኋቸው፡፡ እሳቸው በዓመቱ አረፉ፡፡ በቅርቡ ናፍቀውኝ ቅጂውን ስከፍተው ከጀርባ ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ ቡና የምትወቅጠው ሴት አያቴ ነች፡፡ እኛ “አኮ” ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፡፡ አባባ “ሦስት ላም ነበረን” ሲሉ አኮ ከሙቀጫው አጠገብ “አምስት!” ትላለች፡፡ አባባ “ልጆቹን በእህሉ አስተማርን” ሲሉ፣ “በወተቱ ነው እንጂ” ትላለች፡፡ እኔ ተመራቂዋ ጋዜጠኛ ማይኩን አንድም ጊዜ ወደሷ አላዞርኩትም፡፡ ይባስ ብሎ “አኮ፣ እየቀዳሁ ነው፣ ሙቀጫውን ተይው” ስላት ይሰማል፡፡ በጣም አፈርኩ፡፡ በማግስቱ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ፡፡ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ እንግዲህ የሁለቱም ነው፡፡

አባባ የነገሩኝ በመጽሐፍም የሚገኝ ነው፡፡ ከ1967 ዓ.ም. በፊት በከተማዋ ዙሪያ ያለው መሬት በጋሻ እየተቆጠረ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው) ለመኳንንቱ፣ ለጦር አለቆችና ለባለሥልጣናት ይሰጥ ነበር፡፡ አራሹ ጭሰኛ ነው፡፡ እንደ ውሉ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለመሬቱ ጌታ ያካፍላል፤ አሥራቱም አለ፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፡፡ አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ፡፡ አባባ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ደረሳቸው፡፡ ያን ዓመት የወቁትን ጤፍ ለማንም ሳያካፍሉ ጎተራ ሲያስገቡ እንዳለቀሱ ነግረውኛል፡፡ (ጎተራን በማሳለጫው ብቻ ለምታውቁ፣ የእህል ማስቀመጫ ነው፡፡)

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967፡፡ ይሄኛው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቅደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነው፡፡ ልብ አድርጉልኝ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መለኪያ ወጣ፡፡ ለገጠሩ በሄክታር፣ ለከተማው በካሬ ሜትር፡፡ የእኛ ቤተሰብ በመጀመሪያው መለኪያ ከ30 ዓመት በላይ ኖሮ፣ አንድ ቀን በሁለተኛው መለኪያ ውስጥ ራሱን አገኘው፡፡

አሁን ወደ አኮ ግቢ እንግባ፡፡ አንድ የሣር ክዳን ጎጆ አለ፤ ኋላ የተሠራ ባለ ቆርቆሮ የጭቃ ቤት፣ በረት፣ ጎተራ፣ የጭድ ክምር፡፡ ጓሮው ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ነው፡፡ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ልጅ ሆኜ ብይ የበላኝ ስንጥቅ ስፍር ቁጥር የለውም፡፡ በዚህ የተነሳ ጤፍ የሚዘራው ወደ ሐምሌ መጨረሻ ነው፡፡ ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘሩና መሬቱ በቋጠረው እርጥበት ይደርሳሉ፡፡ በሬው አንድ ከሆነ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ነው፤ አጨዳው በደቦ ነው፡፡ ይኼን ሁሉ አባባ አሳምረው አውርተውታል፡፡

አኮ ግን ቀኑን የምትጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፡፡ ጥጃ ታስጠባለች፣ ታልባለች፡፡ ከአምስቱ ላሞች በአንድ ጊዜ የሚታለቡት ሁለት ቢሆኑ ነው፤ የሐበሻ ላም ደግሞ በቀን ከሁለት ሊትር ብዙም አታልፍም፡፡ 12 ሰዓት ሲል ለወር ደንበኞቿ ወተት ይዛ በእግሯ ወደ መካኒሳና ሳር ቤት ትወርዳለች፡፡ ተመልሳ አዛባ ትጠርጋለች፣ ትጋግራለች፣ ለአባባ ምሳ ማሳው ድረስ ታደርሳለች፡፡ ከሰዓት በኋላ ኩበት ትጠፈጥፋለች፡፡ የደረቀው በአህያ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል፡፡ ኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የአዲስ አበባ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት እንደነበር አንርሳ፡፡ ከተማዋ እኛን “ገጠር” እያለች እየጠራች፣ ምጣዷ የሚሞቀው ከእኛ በረት በወጣ ማገዶ ነበር፡፡

በጾም ጊዜ ደግሞ ወተት ገዢ የለውም፡፡ ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር? የሰፈሩ ሴቶች የወተት እቁብ ይገባሉ፡፡ ሁሉም የዕለቱን ወተት ለባለተራዋ ትሰጣለች፤ ባለተራዋ ተጠራቅሞ የረጋውን ንጣ ቅቤ ታወጣለች፡፡ ቅቤው እስከ ፋሲካ ይቆያል፡፡ ፋሲካ ሲደርስ የቅቤ ዋጋ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ! ዛሬ “ቢዝነስ ፕላን” እያልን ሥልጠና የምንገባበትን ነገር አኮ ፊርማዋን እንኳ ሳትለምድ ትሠራው ነበር፡፡

ሒሳቡን ስታስረዳኝ እንዲህ አለችኝ፤ “ማሳው በዓመት አንዴ ነው የሚናገረው፡፡ ግቢው በየቀኑ ይናገራል፡፡” ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ የሐኪም ቤት፣ ሁሉም የሚወጣው ከወተት፣ ከእንቁላልና ከኩበት ነበር፡፡ እናቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው በዚያ ገንዘብ ነው፡፡ እናቴ ባትማር ኖሮ ደግሞ እኔ እዚህ ተቀምጬ አልጽፍላችሁም ነበር፡፡

የሚገርመው፣ የአገራችን የወተት ታሪክ ተጽፏል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች መምጣታቸው፣ ከዚያም የሾላ ወተት ማቀነባበሪያ መከፈቱ ተመዝግቧል፡፡ የወንዙ ዳር አትክልትም ተመራማሪ አግኝቷል፤ አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር ስለ መካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማህበር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል፡፡ ከተማ ውስጥ የሚያርስ ቤተሰብ ጊዜያዊ እንግዳ ሳይሆን የከተማዋ መጋቢ እንደሆነ ያሳየ ሥራ ነው፡፡ በጣሳ የሚዞረው የአኮ ወተት ግን ማህበርም መዝገብም አልነበረውም፡፡

ወደ 1999 ዓ.ም. እንምጣ፡፡ ኮንዶሚኒየሙና መንገዱ እየተስፋፋ ነው፡፡ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፡፡ ሜትርና ወረቀት የያዙ ሰዎች ግቢያችን ገቡ፡፡ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው፡፡ በሕጉ መሠረት ቤቱ፣ አጥሩ፣ ዛፉና ሰብሉ ይቆጠራል፤ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት ከመሬቱ በአማካይ ያገኘው ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈላል፡፡ አባባ ስንት ኩንታል እንደሚያመርቱ ተጠየቁ፣ ተጻፈ፡፡ ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ተቆጠረ፡፡ አኮ በረቱ በር ላይ ቆማ፣ “የላሞቹስ?” ብላ ጠየቀች፡፡ “ላሞቹማ የእናንተ ናቸው፣ ይዛችሁ ሂዱ” ተባለች፡፡ እውነት ነው፣ ላም ትነዳለች፡፡ ግን ወዴት? ምትክ ቦታው ላይ ከቤቱ የተረፈው መሬት እንኳን አምስት ላም አንድ ጥጃም አያዞርም፡፡ ላሞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሸጡ፡፡ ሁለቱን የገዛቸው የቄራ ነጋዴ ነበር፡፡ አኮ ያን ቀን ከቤት አልወጣችም፡፡

ሒሳቡ የቱ ጋ እንደሚያነክስ አያችሁት? ቀመሩ የሚጀምረው ከማሳው ነው፡፡ በዓመት አንዴ የሚናገረው ተሰማ፤ በየቀኑ የሚናገረው ግን አልተሰማም፡፡ የወተት ደንበኞቹ፣ ኩበቱ፣ እቁቡ፣ ጎረቤቱ፣ አንዱም ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፡፡ የካሳው ገንዘብ በአባባ ስም ባንክ ገባ፡፡ አኮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨው ገንዘብ ከባሏ ለመነች፡፡ ይኼን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፣ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፡፡

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ ችግርም አይደለም፡፡ ማሪሊን ዋሪንግ የተባለች የኒውዚላንድ የቀድሞ የፓርላማ አባል እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የዓለም መንግሥታት የአገር ሀብት ሲያሰሉ በቤትና በጓሮ የሚሠራውን የሴቶች ሥራ እንደሚዘሉት አሳይታለች፡፡ የእኛም ሕግ ቢሆን ቆሞ አልቀረም፡፡ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 አሳድጎ፣ የሚባዛውንም ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ አድርጎታል፤ ለማህበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ አስገብቷል፡፡ ለአኮ ግን ዘግይቷል፡፡

ደግሞ ያ ኑሮ ገነት ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ፡፡ የአኮ ወገብ የጎበጠው በእንስራ ነው፤ ዓይኗን ያደከመው የማጀት ጭስ ነው፡፡ ሁለት አክስቶቼ ከብት ጥበቃና ቤት ሥራ ይዟቸው ከአራተኛ ክፍል አልዘለሉም፡፡ “ቧንቧውን ብትወስዱብኝ እሞታለሁ” ትላለች አኮ ራሷ፡፡ ከተማው አይምጣ አይደለም ነገሩ፡፡ ሲመጣ የሚያፈርሰውን ነገር በሙሉ ቆጥሮ ያፍርስ ነው፡፡

በኅዳር 2015 ዓ.ም. “የሌማት ትሩፋት” የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር፣ በየጓሮው፡፡ እኔ ሐሳቡን እደግፈዋለሁ፡፡ አኮ ግን በቴሌቪዥን የዶሮ እርባታ ሲተዋወቅ አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? “እኔን ነው እንዴ የሚያስተምሩኝ?” ምትክ ቦታው ላይ አሁን ሰባት ዶሮ አላት፤ የእንቁላሉን ገንዘብ የምታስቀምጥበትን ቦታ ለማንም አትናገርም፡፡

ያ የጀሞው ጓደኛዬ ይኼን ጽሑፍ ሳይወጣ አንብቦታል፡፡ “እሺ፣ ባዶ ሜዳ አልነበረም” አለ፡፡ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ፤ የቀረው የማኪያቶ ሒሳብ ነው፡፡ እናንተ ግን አያት ካላችሁ ዛሬውኑ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅዱ፡፡ ቡና እየወቀጠች ከሆነ ደግሞ ሙቀጫውን ተይው እንዳትሏት፡፡ የኔ አኮ ቅጂ አሁን አራት ሰዓት ሞልቷል፡፡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ “አምስት ላም ነበረኝ፣ ስማቸውን ልንገርሽ፡፡”

ቸር ይግጠመን!