ፈጣሪ እና «አምላክ» የተለያዩበት እምነት፦ የፌይዚስቶች ጀሆቪህ ማነው?

አማርኛ ተናጋሪ «ፈጣሪ»፣ «አምላክ»፣ «እግዚአብሔር» የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ ቢተካ የሚያርመው የለም፤ ሦስቱም የሚያመለክቱት አንዱን ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአሜሪካ የተነሡት ፌይዚስቶች ግን በዚህ አይስማሙም። ለእነርሱ ፈጣሪ ሌላ፣ «አምላክ» የሚባለውም ሌላ ነው።

የእምነቱ ምንጭ «ኦአስፔ» የተሰኘ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ሲሆን፣ የታተመው በ1882 እ.አ.አ. ነው። ስሙ ሰማይን፣ ምድርንና መንፈስን በአንድነት ይወክላል ይባላል። መጽሐፉን ለኅትመት ያበቃው ጆን ባሉ ኒውብሮ በኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ከሙታን መናፍስት ጋር መነጋገር ይቻላል የሚለው የዘመኑ እንቅስቃሴም ተከታይ ነበር። እርሱ እንደተናገረው፣ ለ50 ሳምንታት ያህል ጎህ ሳይቀድ በጽሕፈት መኪና ፊት ይቀመጥ፣ እጆቹም በማይታይ ኃይል ይጽፉ ነበር። ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ የጻፈውን እንዳያነብ መታዘዙንም ገልጿል። ይህን የሚያረጋግጥ ከራሱ ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ የለም።

መጽሐፉ ፈጣሪን «ጀሆቪህ» ይለዋል። ስሙ የዕብራውያኑን «ያህዌ» እንደሚያስታውስ ግልጽ ነው። ኦአስፔ ግን ምንጩን ከዚያ ያርቀዋል፤ ሰው በነፋስና በመሰል የተፈጥሮ ድምፆች ውስጥ የሰማው «ኢ-ኦ-ኢህ» የሚል ድምፅ እንደሆነ ያስተምራል። በዚህም የተነሣ ስሙ የአንድ ሕዝብ ርስት አይደለም። የፋርሶቹ ኦርማዝድም ሆነ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታላቁ መንፈስ፣ በፌይዚስቶች ዘንድ የዚሁ የአንዱ ፈጣሪ መጠሪያዎች ናቸው።

ጀሆቪህ ሁለንተና ነው፤ የሚታየውም የማይታየውም ዓለም በእርሱ ውስጥ አለ። አባትም እናትም ተብሎ ይጠራል። ሆኖም እምነቱ ፈጣሪን ስሜት አልባ የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ አይመለከትም፤ ሕያው አካል ነው፣ ይናገራል፣ ይሰማል ይላል። አካል ነው ሲባል ግን የሰው መልክ አለው ማለት አይደለም። አይወለድም፣ ሥጋ አይለብስም፣ በዙፋን ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ጊዜም አይመጣም።

ታዲያ «አምላክ» ማነው? በኦአስፔ አስተምህሮ «አምላክ» እና «ጌታ» የሥልጣን ማዕረጎች ናቸው። ማዕረጎቹን የሚይዙት ቀድሞ ሥጋ ለባሽ የነበሩ፣ ከሞት በኋላ በጥበብና በአገልግሎት ከፍ ያሉ ነፍሳት ሲሆኑ፣ ለተወሰነ ዘመን ምድርንና ሰማያቷን አስተዳድረው ለተተኪ ያስረክባሉ። ነገሩ ከሹመትና ከሽረት ጋር ይመሳሰላል። የመጽሐፉም ትልቁ ትረካ የሚያጠነጥነው ሥልጣናቸውን አላስረክብም ብለው «ፈጣሪ እኛ ነን» ባሉና ስግደትን ለራሳቸው በወሰዱ ሹማምንት ላይ ነው። ኦአስፔ ሐሰተኞች አማልክት የሚላቸው እነዚህን ነው።

ከክርስትና ጋር የሚያጋጨውም ይኸው ነው። ፌይዚስቶች ሥጋ በለበሰ አዳኝ አያምኑም፤ በሰውና በፈጣሪ መካከልም አማላጅ አያስገቡም። እስልምናም ቢሆን ፈጣሪ አይወለድም በሚለው ቢስማማ እንኳ፣ አባትና እናት ብሎ መጥራትን እንደማይቀበል የታወቀ ነው።

ትምህርቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1884 ኒውብሮና ተከታዮቹ በኒው ሜክሲኮ፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳርቻ፣ ከላስ ክሩሰስ ከተማ አቅራቢያ «ሻላም» የተባለ መንደር መሠረቱ። ዓላማቸው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ዘር ሳይለዩ ሰብስበው ማሳደግ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከራሱ ከመጽሐፉ ነው፤ ከልጅነቱ ሥጋ ሳይበላ፣ ጦርነትን ሳይማር ያደገ ሰው የጀሆቪህን ድምፅ ያለ ካህን በውስጡ ይሰማል የሚል እምነት ነበራቸው። ወጪውን በዋናነት የሸፈነው አንድሩ ሃውላንድ የተባለ ባለጸጋ ነበር።

ኒውብሮ በ1891 በኢንፍሉዌንዛ ሞተ። ሃውላንድ ሥራውን ለ10 ዓመት ያህል ቢቀጥልም ገንዘቡ በእርሻውና በግንባታው አለቀ፤ መንደሩም በ1901 ተዘጋ። ሕፃናቱ ወደ ሌሎች ማሳደጊያዎችና ቤተሰቦች ተላኩ። ኦአስፔ ግን ዛሬም ይታተማል፤ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ያሉ ጥቂት አንባቢዎቹ በአንድ ሊቀ ጳጳስ ወይም ማእከላዊ ቤተ እምነት ሥር ሳይሰባሰቡ ወደ ጀሆቪህ መጸለያቸውን ቀጥለዋል።