አዋሽ ላይ ያለው ጉሮሮ

የምድር ባቡራችን ታሪክ ሲወራ አፄ ምኒልክ፣ ሙሴ ኢልግ እና ሙሴ ሸፍኔ ይጠሩና ወዲያው ለገሃር ይደረሳል። መሀል ያለው ገደል ይዘለላል። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909። ካምፓኒው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ እና ጣሊያንም መስመሩ በማን እጅ ይሁን ብለው ተጓተቱ። ምኒልክ በ1906 ስላረፉ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም።

አዋሽን በጂኦግራፊ ክፍል ብቻ የሚያውቅ ሰው ሰፊ ወንዝ ይጠብቅ ይሆናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄጄ ሳየው የገረመኝ ግን ጥልቀቱ ነው። ሜዳው ድንገት ይሰነጠቅና ውሃው ታች፣ ገደሉ ውስጥ፣ ጭቃ መስሎ ይታያል። መኪናም ባቡርም ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ይህን ገደል መሻገር አለበት። አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሲስተሙ በሙሉ የሚቆም ከሆነ፣ ያ ሰርቨር ጉሮሮ ነው። ፕሮግራመር ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ይፈራል። የጦር አዛዦችም ይህንን ከኛ በፊት ያውቁታል።

በ1933 ጣሊያን ከሐረር በኩል እየሸሸ ሲመጣ አዋሽ ላይ ድልድዩን አፈረሰ። የእንግሊዝ ጦር ግን መጋቢት 25 ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ያ ሁሉ ፈንጂ የገዛው ጥቂት ቀን ነው። እግረኛ ገደል ወርዶ ይወጣል፤ ባቡር ግን አይችልም፣ ጉዳቱ የሚከፋው በኋላ ስንቅና ዕቃ ማመላለስ ሲመጣ ነው። በ1969ም፣ በኦጋዴን ጦርነት ዋዜማ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ድልድዮች ተመቱና የወደብ ጭነት ተቋረጠ።

ከሁሉም የከበደው የመጣው ያለ ጠላት ነው። ጥር 1977፣ አገሩ በረሃብ ላይ እያለ፣ ከድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ ባለ ድልድይ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ እስከዛሬ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች የከፋው ይሄ ነው ይባላል። የኔ ትውልድ ግን ስለ ታይታኒክ ነው በደንብ የሚያውቀው፤ ፊልም አለዋ!

የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሀዲድ 1.435 ሜትር ስለሆነ አሮጌው ፉርጎ አይሄድበትም፤ አዲስ መስመር፣ አዲስ ድልድይ ተሠራ። አዋሽ ራሱ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ጭነት አብዛኛው ግን ዛሬም እሱን ተሻግሮ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሌላው ሀዲድም የሚነሳው ከዚሁ ከተማ ነው።