የሰብለ ወንጌል መንገድ በሱሉልታ፦ የኢንተርኔት የታሪክ ምንጮች ለልቦለድ ጸሐፊ የሚሰጡትና የሚነፍጉት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የንባብ ልማድ ነው። አንባቢ የወደደው መጽሐፍ ሲያልቅበት ገጸ ባሕርያቱን ይዞ ታሪኩን ራሱ ይቀጥላል፤ የሞተውን ያስነሣል፣ የተለያዩትን ያገናኛል፣ በዋናው ድርሰት ሁለት መስመር ብቻ ለተሰጠው አሽከር ሙሉ ሕይወት ይፈጥርለታል። በውጭው ዓለም ይህ «ፋን ፊክሽን» ይባላል፤ እኔ «የወዳጅ ልቦለድ» ብዬ ልጥራው። በአገራችን አዲስ የሆነው ስሙ እንጂ ተግባሩ አይደለም። የግእዝ ሊቃውንት የመቄዶንያውን የእስክንድርን ታሪክ ከዐረብኛ ተቀብለው፣ አረማዊውን ንጉሥ ጾመኛና ጸሎተኛ ክርስቲያን አድርገው ጽፈውታል። የሌላውን ጀግና ወስዶ በራስ አገር ማኖር ነባር ጥበባችን ነው።

ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡ ተማሪዎቼ ይህንኑ በስልካቸው ይሠራሉ። ጥያቄያቸውም «መምህር፣ ያንን ዘመን ከየት አገኘዋለሁ?» የሚል ነው። መልሴ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ምንጮቹ የት እንዳሉ፣ ሁለተኛው እነዚሁ ምንጮች ማንን እንደማያሳዩን ይመለከታል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉን ላልገዛውም ሰው ደርሷል። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከጎጃም ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ ታመራለች። ዓባይን ተሻግሮ በሰላሌ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ እንጦጦን ከመውጣቱ በፊት የሱሉልታን ሜዳ ያቋርጣል። አንድ የሱሉልታ ወጣት ሰብለን በዚያ ሜዳ አሳልፎ በአንድ ጎጆ ሊያሳድራት ቢፈልግ ምን ማወቅ ይኖርበታል?

በመጀመሪያ ዘመኑን ማወቅ አለበት። የእኛና የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በእነርሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ከየትኛውም ድረ ገጽ ዓመት ሲወሰድ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተለየ፣ ገጸ ባሕርይዋ ገና ባልነገሠ ንጉሥ ስም ትምላለች። ቀን ለዋጭ ፕሮግራሞች ስሌቱን ያቀሉታል፤ ምንጩ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ የመለየቱ ሥራ ግን የጸሐፊው ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዛሬ የምናየው ነገር በዚያን ጊዜ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። የእንጦጦን ተራራ ያለ ባሕር ዛፍ ማሰብ ይከብደናል፤ ዛፉ ግን ስሙ እንደሚመሰክረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ወደ አገራችን የገባውም በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ጸሐፊው ጉዞውን ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙበት ዘመን ካደረገው፣ ሰብለ የምታርፈው በጥድ ወይም በወይራ ጥላ ነው፤ በዘውዲቱ ዘመን ካደረገው ባሕር ዛፉን ታየዋለች። በሰበታም እንዲሁ ነው። በኢንተርኔት «ሰበታ» እና «ባቡር» ብሎ የፈለገ ሰው ሰበታን የጅቡቲው መስመር መነሻ ሆና ያገኛታል። ይህ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር ነው፤ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ፍጻሜው ለገሃር ነበር። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ውሃም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሰው እጅ የተገደበ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰኛ ከዳርቻው ፈረሱን ሊያጠጣ አይችልም። ለቅርቡ ዘመን የሳተላይት ምስሎች አሉን። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰቡት የላንድሳት ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነጻ ይገኛሉ፤ የእርሻ ማሳው ቀስ በቀስ ቆርቆሮ ሲለብስ ከዓመት ዓመት እያነጻጸሩ ማየት ይቻላል።

በሦስተኛ ደረጃ ጽሑፎቹ አሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ካታሎግ፣ ዛሬ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይነበባል፤ ለንባቡ መመዝገብ እንጂ መክፈል አያስፈልግም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክት ደግሞ ብራናዎችን፣ ድርሰቶችን፣ ሰዎችንና ቦታዎችን እርስ በርስ አያይዞ ያቀርባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ለአካባቢ ታሪክ የቀረበ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ምክር ልጨምር። የፍለጋ ማሽን «ንጉሥ» እና «ንጉስ» አንድ ቃል መሆናቸውን ሁልጊዜ አይረዳም። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ እያፈራረቃችሁ ፈልጉ። የእነዚህን ከተሞች ስም ደግሞ በፊደልም በቁቤም ሞክሩ። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ምንም የለም» ማለት፣ አንዱን በር አንኳኩቶ «ቤቱ ባዶ ነው» እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። ከላይ የጠቀስኳቸው ጎተራዎች በአብዛኛው የያዙት ቤተ ክርስቲያን የጻፈችውን፣ ቤተ መንግሥት ያስጻፈውን፣ የውጭ ተጓዥ ያየውን ነው። ለምሳሌ እንግሊዛዊው ሻለቃ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ መጥቶ፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይገኛል። የፊንፊኔን ሸለቆ ገልጿል፤ ያየው ግን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ፣ ከዘማቹ ጦር ጎን ቆሞ ነው። ልብሱን፣ መሣሪያውን፣ የመልክዓ ምድሩን ገጽ ከእርሱ መውሰድ ይቻላል። ጦሩ የመጣበት ገበሬ ያን ቀን ምን እንዳሰበ ግን ከእርሱ አናገኝም፤ አልጠየቀውምና።

በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የኖረው የቱለማ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪኩን ያቆየው በዋናነት በቃል ነው፤ በገዳ ሥርዓቱ፣ በጎሣ ሐረግ ቆጠራው፣ በወንዝና በተራራ ስም። ቃል ካልተቀዳና ካልተጻፈ ማሽን አያገኘውም። ስለዚህ በምንጩ ብቻ የተመራ ጸሐፊ ሰብለን በሱሉልታ ሲያሳልፋት ሣር፣ ጭጋግና ሰው አልባ ሜዳ ይስላል። «ሰው የማይታይበት ሜዳ» የምትለዋ ቀላል ሐረግ በእኛ አገር ቀላል አይደለችም። ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ምክንያት የተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለዋል። በዚህ ምድር ማን ነበረ የሚለው ጥያቄ ገና ትኩስ ነው። ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ልቦለድ የሚያነበው ሰው ይበዛል፤ ልቦለድ ሜዳውን ባዶ ካደረገው፣ ትውልድ ባዶ እንደነበረ ያምናል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። ብራና የምታነቡበት ስልክ ድምፅም ይቀዳል። በሰፈራችሁ ያሉትን አባቶችና እናቶች አስፈቅዳችሁ ጠይቁ፤ ይህ ወንዝ ቀድሞ ማን ይባል ነበር? ገበያው በየትኛው ቀን ይውል ነበር? እንግዳ ሲመጣ ምን ይቀርብለት ነበር? የቃል ትውስታም ይሳሳታል፤ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ሰው፣ ከተቻለም ከጽሑፍ ጋር ይመሳከራል። ያን ጊዜ ሰብለን የምታሳድራት የጎጆዋ እመቤት ስም፣ ቋንቋና የራሷ ሐሳብ ይኖራታል። የወዳጅ ልቦለድ ትልቁ ጸጋም ይኸው ነው፤ ዋናው ድርሰት ሳያያት ያለፈችውን ሴት አስቀምጦ ማናገር።

ከመዝጋቴ በፊት ሕጉንም ላስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በእርሳቸው ገጸ ባሕርያት የጻፋችሁትን አሳትማችሁ መሸጥ ስትፈልጉ በቅድሚያ የባለመብቶችን ፈቃድ ጠይቁ።

ጸሐፊ ከታሪክ ምሁር ይልቅ ነጻ ነው፤ ያልተደረገውን ሊያስደርግ ይችላል። ይህ ነጻነት የሚያምረው ግን የተደረገውን አውቆ ሲለቅ እንጂ ሳያውቅ ሲያልፈው አይደለም። ምንጮቹን አንብቡ፤ ምንጮቹ ዝም ያሉበት ቦታ ስትደርሱ ደግሞ ቆማችሁ ማን እንደጎደለ ጠይቁ።